በክላስተር መሃል ስለተቀመጡት ግዙፍ ጋላክሲዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በተባለው መሠረት ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርዕሳችን አንድ ነው። በጋላክሲ ክላስተሮች መሃል ያሉት ግዙፍ ጋላክሲዎች እንዴት ያን ያህል ሊያድጉ ቻሉ? ክላስተር ስል በመቶዎች፣ ሲበዛም በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በጋራ ስበት የተሳሰሩበትን ስብስብ ማለቴ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የኮከቦቹን ዕድሜና ጋላክሲው የተሰበሰበበትን ጊዜ አታምታቱ።

ንጋት፦ ጋሼ፣ የመሃሉ ጋላክሲ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚገዝፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቦታው ነው። ክላስተሩ ሁሉንም የሚስበው ወደ መሃል ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ተቀምጧል። አንድ ከባድ ጋላክሲ በዳርክ ማተር (በማይታየው፣ በስበቱ ብቻ በሚታወቀው ቁስ) ውስጥ ሲያልፍ፣ ያለፈበትን ቁስ በስበቱ ከኋላው ያከማቻል። ያ ክምችት መልሶ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቀስ በቀስም ወደ መሃል ይሰምጣል። የዚህን ስሌት የፊዚክስ ሊቁ ቻንድራሴካር በ1943 ሠርቶታል። ከባዱ ቶሎ ይሰምጣል። ትንሹን የዩኒቨርስ ዕድሜም ላይበቃው ይችላል።

ሰማይ ጠቀስ፦ ስለዚህ ክላስተር ውስጥ ያሉት በሙሉ እየተጋጩ ይዋሃዳሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትልቅ ክላስተር ውስጥ ጋላክሲዎች በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋሉ። በዚህ ፍጥነት ቢገናኙም ተላልፈው ይሄዳሉ። ውህደት የሚመቸው ፍጥነቱ ዝቅ ባለበት ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው። ብዙ ውህደት የሚያልቀውም ቡድኑ ገና ክላስተሩ ውስጥ ሳይገባ ነው። የመሃሉ ጋላክሲ ግን ቦታውን ሳይለቅ፣ ፍጥነቱን ጨርሶ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

ጀማሪ ነኝ፦ እና የእነዚህ ጋላክሲዎች ዕድሜ ስንት ነው?

መልስ፦ የምኑ? የኮከቦቹ ወይስ የስብስቡ? መግቢያው ላይ የጻፍኩት ለዚህ ነበር። በ2007 ተመራማሪዎቹ ዴ ሉቺያና ብሌዞ ያወጡትን የኮምፒውተር ስሌት ተመልከት። በእነሱ ስሌት ከኮከቦቹ ግማሹ የተወለዱት ዩኒቨርስ ገና 1 ቢሊዮን ዓመት አለፍ ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም በብዙ ትንንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ተበታትነው። የዛሬው ጋላክሲ ግማሽ ክብደት አንድ ቦታ የተጠቃለለው ግን ባለፉት 5 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። የድሮ ቤቶች ፈርሰው በጡባቸው አዲስ ግንብ እንደቆመ ቁጠረው። መጠኑ ላይ አሁንም ክርክር አለ። ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

ሂደቱን በዓይኑ ማየት የፈለገ የሸረሪት ድር የሚባለውን ጋላክሲ የሃብል ምስል ይፈልግ። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ አለ፤ ዙሪያውን ትንንሾች እየተንጠባጠቡ ወደ እሱ ይወርዳሉ።

ኦሪዮን፦ ክላስተሩን የሞላው ትኩስ ጋዝ ቀዝቅዞ ኮከብ ቢሆን ጋላክሲው የበለጠ አያድግም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በክላስተር ውስጥ ያለው ጋዝ ከኮከቦቹ ሁሉ ተደምረው በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ሙቀቱ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ ነው፣ በኤክስሬይም ያበራል። እያበራ ኃይል ስለሚያጣ መቀዝቀዝ አለበት። በስሌቱ ከሄድን በአንዳንድ ክላስተሮች መሃል በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያክል ጋዝ መውረድ ነበረበት። በ1999 የመጠቁት የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን ሲያዩ ግን ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ጋዝ የለም።

ጋዙን የሚያሞቀው በመሃሉ ጋላክሲ ውስጥ ያለው ብላክ ሆል ነው። የፐርሲየስ ክላስተርን ውሰዱ። መሃሉ ላይ ያለው ጋላክሲ ኤንጂሲ 1275 ብላክ ሆሉ በሚረጫቸው ጄቶች (ፈጣን የቁስ ፍንጣቂዎች) ጋዙን እየገፋ ትላልቅ አረፋዎች ሠርቷል። ዙሪያቸው ላይ የድምፅ ሞገዶች ቀለበት ቀለበት ሆነው ይታያሉ፤ ቻንድራ በደንብ አሳይቷቸዋል። በ2016 ሂቶሚ የተባለችው ሳተላይት ከመጥፋቷ በፊት የዚያኑ ጋዝ እንቅስቃሴ ለካች። በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ልኬቱ ነው። ብላክ ሆሉ ከጋላክሲው አንጻር ኢምንት ነው፤ ግን በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት የሚለካ ጋዝ እንዳይቀዘቅዝ ይይዛል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። በፊኒክስ ክላስተር መሃል በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያክል ኮከብ ይወለዳል። እዚያ ቅዝቃዜው አሸንፏል።

ተጠራጣሪው፦ ዳርክ ማተር ዳርክ ማተር ትላላችሁ፣ ያየው ሰው የለም። የስበት ሕጉ ቢስተካከል ሁሉም ይፈታል።

ኦሪዮን፦ በክላስተር ላይ አይሠራም ወንድሜ። ሕጉን ብትቀይረውም ክላስተር ውስጥ ተጨማሪ ቁስ ያስፈልግሃል። ሁለት ክላስተሮች የተጋጩበትን የቡሌት ክላስተርን እይ፣ ጋዙ አንድ ቦታ፣ ስበቱ ሌላ ቦታ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አንድ ክላስተር ማስረጃ አይሆንም።

ኦሪዮን፦ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዝዊኪ በ1933 ኮማ በሚባለው ክላስተር ላይ ያየው እኮ ነው! ጋላክሲዎቹ በዚያ ፍጥነት ሳይበተኑ የያዛቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ እባካችሁ፣ ይሄ ለብቻው ሌላ ቀን ይዞ ይመጣል። በቁስ መጠኑ ላይ ኦሪዮን ልክ ነው። ወደ ርዕሳችን።

የሌሊት ወፍ፦ ስለ ብላክ ሆል ንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? ጥያቄህን ለይተህ አምጣ።

የሌሊት ወፍ፦ ጋላክሲውን ውጦ ይጨርሰዋል ወይ?

መልስ፦ አይጨርሰውም። በ2019 ምስሉ የወጣው፣ በቪርጎ ክላስተር መሃል ያለው የኤም 87 ጋላክሲ ብላክ ሆል 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን ይመዝናል። ያም ሆኖ ከጋላክሲው ክብደት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ንጋት፦ የተበሉት ጋላክሲዎች ኮከቦችስ ሁሉም መሃል ይገባሉ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አይገቡም። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ተነጥቀው የማንም ጋላክሲ ሳይሆኑ በክላስተሩ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ደብዛዛ ብርሃናቸው በግዙፉ ጋላክሲ ዙሪያ በሰፊው ተዘርግቶ ይታያል። ዝዊኪ ኮማ ላይ ይህን ብርሃን በ1951 ዘግቦታል። ጋላክሲው የት አልቆ ይህ ብርሃን የት እንደሚጀምር መለየት ከባድ ነው። አንድ ሰው ክብደቱን ሲነግራችሁ ወሰኑን የት እንዳደረገው ጠይቁት።

ማርስ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ጋላክሲዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው?

መልስ፦ ለጀማሪ ነኝ የመለስኩትን አንብብ። የኮከቦቹና የስብስቡ ዕድሜ ይለያያል።

ማርስ፦ እሺ። በራሴ ቴሌስኮፕ አንዱን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ኤም 87ን ፈልግ፣ በቪርጎ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ምሽቱን ይመቻል። በትንሽ ቴሌስኮፕ ክብ ጭጋግ መስሎ ይታያል፤ ጄቱን አትጠብቅ። ርቀቱ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ጨረቃ የሌለበትን ምሽት ምረጥ።