አሕመዱ ኩሩማ እና አራቱ መዝገበ ቃላት

ጥያቄ፦ «አላህ ግዴታ የለበትም» የተባለውን የአሕመዱ ኩሩማን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጉም አነበብኩት። ተራኪው ሕፃን ወታደር መዝገበ ቃላት እየጠቀሰ ቃል የሚፈታበት ምክንያት አልገባኝም። ደራሲው ማን ነው? ቀጥዬስ የትኛውን መጽሐፉን ላንብብ? (አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የመዝገበ ቃላቱ ነገር ከደራሲው ሕይወት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ። ተራኪው ቢራሂማ ትምህርቱን ገና በጅምር ያቋረጠ፣ ማሊንኬ ከተባለው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ የተወለደ ልጅ ነው፤ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ጦርነት ያየውን ለመናገር አራት መዝገበ ቃላት ይይዛል። በላሩስና በፔቲ ሮቤር ከባዱን ፈረንሳይኛ ለአፍሪካውያን ይፈታል፤ የጥቁር አፍሪካን ፈረንሳይኛ ልዩ ቃላት በሰበሰበው መዝገብ የአፍሪካውን አነጋገር ለፈረንሳውያን ያስረዳል፤ በሃራፕ ደግሞ ፒጅን የተባለውን የአካባቢውን ቅይጥ እንግሊዝኛ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ሁሉ ይተረጉማል። በማሊንኬ ቋንቋ የሚያስብ ሰው በፈረንሳይኛ እንዴት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ኩሩማን ከመጀመሪያው መጽሐፉ አንሥቶ ያልተለየው ጥያቄ ነው።

ኩሩማ በሰሜን ኮትዲቯር በምትገኘው ቡንዲያሊ በ1927 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ያደገውም በአጎቱ ቤት ነው። ባማኮ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ በተማሪዎች ተቃውሞ ምክንያት ተባረረ። ከዚያም በቅኝ ገዥው ጦር ውስጥ ሲያገለግል የገዛ ወገኖቹን ተቃውሞ ለማፈን አልታዘዝም በማለቱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደሚገኘው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ኢንዶቻይና ተላከ፤ እስከ 1954ም እዚያው ቆየ። ቀጥሎ በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የተማረው ሥነ ጽሑፍን ሳይሆን የኢንሹራንስ ሒሳብን ነው። እስከ ጡረታው እንጀራውን ያገኘው ከዚሁ ሙያ መሆኑን ብዙ አንባቢ አያውቅም።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ቢመለስም፣ በ1963 የፕሬዚዳንት ኡፉዌ ቧኚ መንግሥት የሴራ ክስ እያቀረበ ብዙዎችን ሲያስር እርሱም ታሰረ። ከእስር ቢወጣም ሥራ አጣ፤ ወደ አልጄሪያም ተሰደደ። እስር ቤት ስለቀሩት ጓደኞቹ ለመመስከር ፈለገ፤ በግልጽ የሚከስ ጽሑፍ የሚያትምለት እንደማያገኝ ስለተረዳ ግን ምስክርነቱን በልብ ወለድ አለበሰው። «የነጻነት ፀሐዮች» እንዲህ ተወለደ። በማሊንኬ ፀሐይ የሚለው ቃል ዘመንንም ይይዛል፤ እኛም «ቀን ወጣለት» ስንል ስለ አንድ ዕለት ብቻ እንደማንናገር ሁሉ።

መጽሐፉ ሲከፈት አንድ ሰው በዋና ከተማው «ካለቀ» ሳምንት እንደሆነው ይነገረናል፤ ማሊንኬው ሞተ ለማለት የሚጠቀምበት ቃል ይኸው ነውና። «ሕዝብ አለቀ» ለሚል የአማርኛ ተናጋሪ ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንም። በፈረንሳይኛ ግን ግሡ በዚህ አገባብ ስለማይነገር፣ የትምህርት ቤቱን ሰዋስው ለለመደ አንባቢ ስሕተት ይመስላል። የፓሪስ አሳታሚዎች የእጅ ጽሑፉን መለሱት። እኔ እንደማምነው የመለሱት ነገር የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ነበር፤ ኩሩማ ፈረንሳይኛ ጎድሎት ሳይሆን ሰዎቹ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ወስኖ የጻፈው ነውና። በ1968 በካናዳ የሚገኝ «ኤቱድ ፍራንሴዝ» የተሰኘ መጽሔት ሸለመው፤ ፖለቲካውን ያለ ልብ ወለድ ልብስ የሚያወግዘው የመጨረሻ ክፍል እንዲቀነስ ከተደረገ በኋላም የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው። ለሱይ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ መብቱን ገዝቶ እንደገና ያወጣው በ1970 ነው።

ሁለተኛው ልብ ወለዱ እስኪወጣ ሃያ ዓመት አለፈ። በመካከሉ በአቢጃን ያቀረበው ተውኔት መንግሥትን አስቆጣ፤ እርሱም በካሜሩን፣ ቀጥሎም በቶጎ በኢንሹራንስ ሥራ ኖረ። ከሁለተኛው ቀጥሎ የመጣው የቶጎው ቆይታ ፍሬ በ1998 ታየ፤ በፕሬዚዳንት ኤያዴማ አምሳል የተቀረጸ አዳኝ አምባገነን፣ ታሪኩ ስድስት ሌሊት ሙሉ በአዳኞች አዝማሪ ሲዘመርለት ሲዘመርበትም የምናነብበት መጽሐፍ ነው።

ያነበቡት መጽሐፍ ደግሞ ከአገራችን ጋር እውነተኛ ዝምድና አለው። ኩሩማ በአፍሪካ ቀንድ ሕፃናት ወታደሮች ጉዳይ በኢትዮጵያ በተካሄደ ጉባኤ ተካፍሎ ከሶማሊያ የመጡ ልጆችን እንዳገኘ፣ ያሳለፉትን እንዲጽፍላቸውም እንደጠየቁት ተናግሯል፤ መታሰቢያነቱንም ለጅቡቲ ልጆች ሰጥቶታል። መጽሐፉ በ2000 ሬኖዶ የተባለውን የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ።

ቀጥለው «የነጻነት ፀሐዮች»ን ያንብቡ። የመጨረሻው የዱምቡያ መስፍን ፋማ፣ አባቶቹ የገዙበትን ወግ ተነጥቆ በከተማው ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞረ በሚያገኘው ምጽዋት ሲኖር ያገኙታል። ቢራሂማ ከናፈቀዎት ደግሞ ኩሩማ በታኅሣሥ 2003 በሊዮን ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረ፣ በማግሥቱም ዓመት የታተመ አጭር ልብ ወለድ አለ፤ ልጁ በዚያ መጽሐፍ መዝገበ ቃላቱን እንደያዘ የገዛ አገሩን የኮትዲቯርን ጦርነት ይተርካል።