የሲድኒው የድንጋይ ኦርኪድ ለምን አላብብ አለ?

ጥያቄ፦ አገር ቤት ገበሬ ነበርኩ። አሁን ሲድኒ ከልጆቼ ጋር ነኝ። የዚህን አገር የድንጋይ ኦርኪድ ገዝቼ፣ ኮምፖስት በሞላሁት የአበባ ማሰሮ ተከልኩት። በየቀኑ አጠጣዋለሁ። ሦስት ዓመት ሆነው፣ አላበበም። ጭራሽ ሥሩ መበስበስ ጀመረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ተክሉ የተጎዳው እንክብካቤ በዝቶበት ነው። ለበቆሎ የሚበጀው ጮማ አፈር ይህን ያፍነዋል። በሲድኒ ዙሪያ ባሉት የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ላይ አይተውት ይሆናል። ሥሩ አለቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ዝናብ ያርሰዋል፣ ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋል። የሚመገበው ስንጥቁ ውስጥ ከተጠራቀመው ብስባሽ ቅጠል ነው።

ሳይንሳዊ ስሙን፣ ዴንድሮቢየም ስፔሲዮሰምን፣ የሰጠው እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1804። ዴንድሮቢየም ማለት «ዛፍ ላይ የሚኖር» ነው፤ ይሄኛው ግን አለት ይወዳል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ወፍራም ግንዱን ጠብሰው ይበሉት ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አትክልተኞች ከሩቅ የመጣላቸውን ኦርኪድ ሁሉ በእሳት በሚሞቅ፣ አየር በማያገኝ የመስታወት ቤት ይዘጉበት ነበር። ብዙው አለቀባቸው። በ1830ዎቹ አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን ቻትስዎርዝ በሚባለው የእንግሊዝ መኳንንት ርስት አየር እያስገባ፣ ሙቀቱንም እንደየተክሉ እየለየ ማሳደግ ሲጀምር ነው ነገሩ የተሻሻለው። የእርስዎም ተክል ያጣው አየር ነው።

አሁኑኑ ከማሰሮው ያውጡት። ኮምፖስቱን አራግፈው የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ቢላ ይቁረጡ። ጠንካራና ነጣ ያለውን አይንኩ። ከዚያ በትልልቁ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊትና ጠጠር ላይ ይትከሉት። ጓሮዎ ድንጋይ ካለ ደግሞ እሱ ላይ በገመድ ይሰሩት፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የግንዱ ሥረ መሠረት በምንም አይሸፈን። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይስጡት።

በበጋ ሲያድግ ውኃ ይወዳል፣ ቀጠን ያለ ማዳበሪያም ይበቃዋል። ክረምቱ ሲገባ ማዳበሪያውን ያቁሙ፣ ውኃውንም ይቀንሱ። የሌሊቱን ቅዝቃዜ አይፍሩለት፤ አበባ የሚያስይዘው እሱ ነው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነጭ ወይም ቢጫማ አበባ ያወጣል፣ መዓዛውም ደስ ይላል። ሥሩ ስለተነካ ግን ዘንድሮ ባያብብ አይዘኑ።

ሌላ መጨመር ከፈለጉ ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ። ከጫካ ያለፈቃድ መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ብርቱካንማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ጥንዚዛ ካዩ ደግሞ በጠዋት በእጅዎ ይልቀሙት፤ የጥንዚዛው ትል ለጋውን ቡቃያ ከውስጥ ይበላዋል።