«ብሎጌን ልዝጋው ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ «ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ የምጽፈው ብሎግ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ አንባቢ አጣ፤ ጉግል ላይ ስፈልግ ከኔ በላይ የሬዲት (ማንም ሰው ገብቶ የሚጠይቅበትና የሚመልስበት መድረክ) ውይይት ይመጣል፤ ልዝጋው ወይ?» ብለሻል። አትዝጊው። እኔም ቨርጂኒያ ተቀምጬ ሰባት ዓመት ስለ እንጀራና ወጥ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የሰርች ኮንሶሉ (ከጉግል ስንት ሰው ወደ ገጽሽ እንደመጣ የሚያሳይሽ መሣሪያ) መስመር ቁልቁል ሲወርድ ባየሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብዙዎች እዚህ «ጉግል ለሬዲት ገንዘብ ስለከፈለ ነው» ይላሉ። ጉግል የሬዲትን ጽሑፎች ለመጠቀም የተዋዋለበት ስምምነት እውነት ነው፤ በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። ይፋ የሆነው ግን ፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሬዲት ሽቅብ መውጣት የጀመረው ከዚያ በፊት፣ በ2023 ኦገስትና ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። ሰዉ ራሱ ለማስታወቂያ ሲባል የተንዛዛ ገጽ ሰልችቶት፣ ሞክሮ ያየ ሰው ለማግኘት ከጥያቄው መጨረሻ ላይ «ሬዲት» እያለ መፈለግ ከጀመረ ቆይቷል። ጉግልም ኦገስት 2022 ላይ ለፍለጋ ሞተር ብቻ የተጻፈን ገጽ ወደ ታች የሚያወርድ ማሻሻያ አወጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ የገጽ ጥራት ለሚመዝኑለት ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ «ልምድ»ን፣ ማለትም ጸሐፊው ነገሩን ራሱ ሞክሮ ማየቱን፣ ጨመረ። ማርች 2024 ላይ ያ የኦገስት 2022ቱ ማሻሻያ ከዋናው የደረጃ አሰጣጥ ጋር ተዋሃደ።

አሁን ወደ ራሴ ገጽ ልምጣ፤ ትምህርቱን ያገኘሁት እዚያ ነው። «እንጀራዬ ለምን ዐይን አያወጣም?» የሚል ገጽ ነበረኝ። መልሱ ከታች፣ ስለ ጤፍ ታሪክ ካተትኩት ሁለት ገጽ በኋላ ነው ያለው። ያን ሁሉ ያስረዘምኩት «ረጅም ጽሑፍ ጉግል ላይ ከላይ ይወጣል» ስለተባልኩ ነው። ከኔ በላይ የመጣው አንድ ሚኒሶታ የምትኖር ልጅ ሬዲት ላይ የጻፈችው አራት መስመር ነበር፦ ክረምት ላይ ቤቷ ቀዝቅዞ ሊጡ አልቦካ ሲላት፣ ኦቨኑን ሳታነድ መብራቱን ብቻ አብርታ ሊጡን እዚያ አሳደረችው፤ በማግስቱ ዐይን አወጣ። አነበብኩት፤ ከኔ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ሳነበው አለቀስኩ፤ ያንኑ ነገር እኔም በእጄ አድርጌዋለሁ፣ ግን አልጻፍኩትም።

ይሁን እንጂ ከሷ ሥር ከአንባቢዎች ብዙ የድጋፍ ድምፅ ያገኘው መልስ «ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት» የሚል ነበር። አብሲት የሚል ቃል ያነሳ አንድም ሰው የለም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል። ድምፅ የሚሰጠው ብዙ ሰው እንጀራ ጋግሮ አያውቅም፣ ጀማሪዋ ግን አምናው ሊጧን ታበላሻለች። አንቺ የምታስፈልጊው እዚህ ጋ ነው።

ያደረግኩት ይሄ ነው። የታሪኩን ክፍል አውጥቼ ጣልኩት። የከሸፈውን፣ ዐይን የሌለውን እንጀራ ፎቶ አንስቼ ከላይ አስቀመጥኩ። ሊጡ ስንት ቀን እንደቆየ፣ የወጥ ቤቴ ሙቀት ስንት እንደነበር፣ ከላይ ያቀረረውን ውሃ መቼ እንደደፋሁ፣ አብሲቱን ምን ያህል እንዳበሰልኩ፣ ምጣዱ ሳይግል ስጋግር ምን እንደሆነ ጻፍኩ። እናቴ በስልክ የነገረችኝንም ጨመርኩበት። ለወራት ምንም አልተነቃነቀም፤ የጉግል ትልልቅ ማሻሻያዎች እስኪመጡ መጠበቅ አለ። ከዚያ ገጹ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም። ሌሎች ሠላሳ የሚሆኑ ገጾቼን ግን ሰረዝኳቸው፤ ያልጋገርኩትን እንደጋገርኩ አስመስዬ የጻፍኳቸው ነበሩ።

ደግሞ በፍለጋ ብቻ አትተማመኚ፤ ኢሜይል የሚሰጡሽን አንባቢዎች ያዢ። ሰዎች በሚጠይቁበት መድረክም ገብተሽ ሊንክ ሳትለጥፊ መልሺ። ገጼን ስሜን እየጻፉ የሚፈልጉት አብዛኞቹ ከዚያ ነው የመጡት።

የሽሮሽን ገጽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።