ሽታው ሲጠፋ ትነቱም ጠፋ ማለት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የማሽን ክፍሎችን ከቅባት የምናጸዳው ገንዳ ሙሉ ቲነር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ አሁን ለምጄው ሽታው እንኳ አይሰማኝም። የሕክምና ማስክ አደርጋለሁ፤ ጣሪያው ላይም አየር መሳቢያ አለ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የደከመው አፍንጫዎ ነው እንጂ ትነቱማ እዚያው አለ። የሕክምና ማስክ ጠብታ ይይዛል፤ ትነት ግን አየር ባለፈበት ሁሉ አብሮ ያልፋል። የጣሪያው መሳቢያ ጭራሽ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ከገንዳው ወደ ላይ የሚሳበው ትነት መንገዱ ጎንበስ ያለ ሠራተኛ ፊት ላይ ነው።

መጀመሪያ ከአቅራቢው የደህንነት መረጃ ሰነዱን ይጠይቁ። 16 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉንም ማንበብ ባይመች 3ኛውን (ይዘቱን) እና 8ኛውን (የተጋላጭነት ገደቡንና መከላከያውን) አይለፏቸው። ቲነር የድብልቅ መጠሪያ ነው፤ አንዱ ጣሳ ውስጥ ቶሉይን፣ ሌላው ውስጥ ዛይሊን ወይም አሴቶን ሊኖር ይችላል። ኖርማል ሄክሴን ካዩ ቶሎ ይደርቃል ብለው አይምረጡት፤ የእጅና የእግር ነርቭ ይጎዳል።

ቅባቱ በሙቅ ውኃና በማጽጃ የሚለቅ ከሆነ ቲነሩን መተው ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ ለገንዳው ክዳን ይሥሩለት። የራሰ ጨርቅም ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይግባ፤ ክፍት ቅርጫት ውስጥ የተጣለው ቀኑን ሙሉ ይተናል። መሳቢያው ከሠራተኛው ትይዩ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ይሁን። ቅርበቱ ወሳኝ ነው፦ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ ሲሉ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መሳቢያ ዋጋ ቢስ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለመፈተሽ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ገንዳው አፍ ላይ ይዘው ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ፤ በጭስ ልሞክር ብለው እሳት እንዳይጭሩ፣ ትነቱ ይቀጣጠላል። የመሳቢያው ሞተርም ተቀጣጣይ ትነት ላለበት ቦታ የተሠራ ይሁን።

ጭንብል ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ እሱም ለኦርጋኒክ ትነት (እንደ ቲነር ላሉ ፈሳሾች ትነት) የተሠራ የከሰል ካርትሪጅ፣ ማለትም ማጣሪያ፣ ያለው። ጺም ካለ ጠርዙ ፊት ላይ አይገጥምም። ካርትሪጁን ሽታ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በፕሮግራም ይቀይሩት። ከሥራ በኋላ በታሸገ ከረጢት ያስቀምጡት፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሰል ሌሊቱን ትነት ሲጠጣ ያድራል።

ጥያቄ፦ ቶሉይን አስለክተን እጥበት ላይ ለ3 ሰዓት 90፣ በቀሪው 5 ሰዓት 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ያለው የትነት ክፍል) ተገኘ። የምንሠራበት ገደብ 50 ነው። አልፈናል? ፈረቃው 12 ሰዓት ሲሆንስ?

መልስ፦ ገደቡ የሚነጻጸረው ከ8 ሰዓቱ አማካይ ጋር ነው። 90 በ3 ሲባዛ 270፣ 10 በ5 ሲባዛ 50፤ ድምሩ 320 ለ8 ሲካፈል 40 ነው። አላለፋችሁም፤ ግን የአንድ ቀን ልኬት ነው፣ ነገ ሥራው ሲበዛ 60 ሊሆን ይችላል። የአውሮፓው የልኬት መስፈርት በ3 ልኬት ብቻ «ከገደብ በታች ነው» ለማለት ሦስቱም ከገደቡ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከ5 ፒፒኤም በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ደግሞም መለኪያው የት ነበር? ኮሌታ ላይ፣ ከአፍንጫ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካልሆነ ቁጥሩ የግድግዳው እንጂ የሠራተኛው አይደለም።

በ12 ሰዓት ፈረቃ መጋለጫው ይረዝማል፣ ሰውነት የሚያገግምበት ጊዜም ከ16 ሰዓት ወደ 12 ያጥራል። በተለመደው ስሌት 8/12 በ12/16 ሲባዛ 0.5 ይሆናል፤ ስለዚህ 50 የነበረው ገደብ 25 ነው። እጥበቱ በዚያው ልክ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ካደገ አማካዩ እንደገና 40 ይመጣል፤ ያኔ አልፋችኋል።

ጥያቄ፦ ስስ የናይትራይል ጓንት ለቲነር ይሆናል?

መልስ፦ ድንገት ለሚፈናጠቅ ጠብታ ያህል ብቻ፤ ቲነር ከነካው ወዲያው አውልቀው ይጣሉት። ቀዳዳ ባይታይበትም ቶሉይንና አሴቶን በደቂቃዎች ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። ለቶሉይን የፖሊቫይኒል አልኮል ጓንት ጥሩ ነው፣ ውኃ ግን ያበላሸዋል። ለአሴቶን የቡታይል ጎማ ይሻላል። እጅን በቲነር መታጠብ ይቅር፤ በቆዳ የሚገባውን የአየር መለኪያ አያየውም።