የጃፓን ተጫዋቾች በአውሮፓ ክለቦች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በአውሮፓ ክለቦች ስለሚጫወቱ ጃፓናውያን የማውቀውን እንድመልስ ተጠይቄ ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት በፍቅር ስከታተለው ስለኖርሁ አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ሄዶ የተጫወተው የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሂዴቶሺ ናካታ ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ናካታ ጣሊያን ከመግባቱ ከ20 ዓመታት በፊት ያሱሂኮ ኦኩዴራ ጀርመን ውስጥ ዋንጫ አንሥቷል። ኦኩዴራ በአገሩ የፉሩካዋ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቡድን ተጫዋች ነበር፤ በዚያ ዘመን በጃፓን የፕሮፌሽናል ሊግ ስላልነበረ ጠንካሮቹ ቡድኖች የኩባንያዎች ነበሩ። በ1977 የኮሎኝ አሠልጣኝ ሄነስ ቫይስቫይለር አይተው ወሰዱት፤ በዚያው የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ ክለቡ ቡንደስሊጋ የሚባለውን የጀርመን ከፍተኛ ሊግ ዋንጫም የጀርመንን የጥሎ ማለፍ ዋንጫም በአንድ ላይ ወሰደ።

የዚያ የውድድር ዘመን የመጨረሻ ዕለት ሊነገር የሚገባው ነው። ኮሎኝና ቦሩሲያ ሞንሼንግላድባክ በነጥብ እኩል ሆነው፣ ኮሎኝ በ10 የግብ ልዩነት ብቻ ይመራ ነበር። ግላድባክ ዶርትሙንድን 12 ለ 0 አሸነፈ፤ በሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ውጤት ዋንጫውን ያስወስደው ነበር። ነገር ግን ኮሎኝ በዚያው ሰዓት ከሜዳው ውጭ ሴንት ፓውሊን 5 ለ 0 ረታ፤ ከአምስቱ ግቦች ሁለቱን ያስቆጠረው ኦኩዴራ ነው። ሻምፒዮንነቱ የተወሰነው በሦስት ግብ ልዩነት ስለነበር የሁለቱን ግቦች ክብደት እናንተው መዝኑት። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳ ተቀይሮ ገብቶ ቡድኑን 3 ለ 3 ያደረገችውን ግብ አስቆጠረ። በኋላም በቨርደር ብሬመን እስከ 1986 ተጫውቷል።

ጥያቄ፦ ከሁሉም አገሮች ይልቅ ጀርመን ለጃፓኖች ቤታቸው የሆነችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ግንኙነቱ የቆየ ነው። ጃፓን ለ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ በ1960 ያስመጣችው አሠልጣኝ ጀርመናዊው ዴትማር ክራመር ነበር፤ ጃፓኖች ዛሬም የእግር ኳሳቸው አባት ይሉታል። የእርሱ ልፋት ፍሬ የታየው በ1968 በሜክሲኮ ነው። የእኛው ማሞ ወልዴ በዚያ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ነበር፤ ከዚያ በአራተኛው ቀን የጃፓን የእግር ኳስ ቡድን አስተናጋጇን ሜክሲኮን 2 ለ 0 አሸንፎ የነሐስ ሜዳልያ ወሰደ።

ሁለተኛው ምክንያት ደንብ ነው። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሚመጡ ተጫዋቾች ቁጥር ላይ የነበረውን ገደብ በ2006 አንሥታለች። በስፔን አንድ ክለብ እንዲህ ያሉ ተጫዋቾችን ሊይዝ የሚችለው ሦስት ብቻ በመሆኑ ቦታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ አሜሪካውያን ይሞላሉ፤ እንግሊዝ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ለመስጠት ነጥብ ትቆጥራለች። ስለዚህ የ21 ዓመት ጃፓናዊ ገና ስሙ ሳይታወቅ በቀጥታ ሊገባበት የሚችለው ትልቅ ሊግ የጀርመኑ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ሺንጂ ካጋዋ ነው። በ2010 ዶርትሙንድ ከሴሬዞ ኦሳካ ያመጣው በ350,000 ዩሮ ብቻ ነበር። በዩርገን ክሎፕ ሥር በተከታታይ ሁለት ዓመት የቡንደስሊጋውን ዋንጫ ካነሣ በኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ ወሰደው። ይህን ሒሳብ ያየ የጀርመን ክለብ ሁሉ መልማዮቹን ወደ ጃፓን መላክ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ናካታስ ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

መልስ፦ ናካታ በሩን ሰፊ አድርጎ ስለከፈተው ነው። በመስከረም 1998 ለፔሩጂያ በሴሪ አ፣ ማለትም በጣሊያን ከፍተኛ ሊግ፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው በዩቬንቱስ ላይ ነበር፤ ቡድኑ 4 ለ 3 ቢሸነፍም እርሱ ሁለት ግብ አስቆጠረ። ከዚያ ወደ ሮማ ሄዶ ለፍራንቼስኮ ቶቲ ተቀያሪ ሆነ። ግንቦት 2001 ሮማ ለሻምፒዮንነት በሚያደርገው ትግል በዩቬንቱስ ሜዳ 2 ለ 0 እየተመራ ሳለ አሠልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ ቶቲን አስወጥቶ ናካታን አስገባ። ናካታ ከሩቅ አክርሮ መትቶ አንዱን አስቆጠረ፤ በመጨረሻም ሌላው ምቱ በግብ ጠባቂው ተመልሶ የቡድን ጓደኛው ሞንቴላ አገባውና ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። የሚገርመው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆኑ ተጫዋቾችን የሚገድበው የጣሊያን ደንብ የተነሣው ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሮማ በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ናካታ ግን በ2006 የዓለም ዋንጫ ማግስት ገና በ29 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ጥያቄ፦ ካጋዋ በማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሚናሚኖ በሊቨርፑል እንደተጠበቁት አልሆኑም። ጃፓኖች ለትላልቅ ክለቦች አቅም ያንሳቸዋል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ጉዳዩ የአቅም ሳይሆን የቦታ ነው። ካጋዋ የሚደምቀው ከአጥቂው ኋላ በመሐል ሲጫወት ነበር፤ ዩናይትድ ግን በዚያው ክረምት ሮቢን ቫን ፐርሲን ገዛ፣ ዌይን ሩኒም በቦታው ስለነበር ካጋዋ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ መስመር ተገፋ። ያም ሆኖ መጋቢት 2013 በኖርዊች ላይ ሦስት ግብ በማስቆጠር በፕሪሚየር ሊጉ ሐትሪክ የሠራ የመጀመሪያው እስያዊ ሆኗል፤ የሊጉንም ዋንጫ አንሥቷል።

የሚናሚኖ ታሪክ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሊቨርፑል በ2022 ሁለቱን የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች፣ የሊግ ካፑንና የኤፍኤ ካፑን፣ ሲወስድ በሁለቱ ውድድሮች በድምሩ ሰባት ግቦች ያስቆጠረው እርሱ ነው። ከነዚህም አንዷ ሊቨርፑል በሌስተር 3 ለ 2 ሲመራ በጭማሪ ሰዓት አስቆጥሮ ቡድኑን ወደ መለያ ምት ያደረሰባት ናት። ሆኖም በሁለቱም የፍጻሜ ጨዋታዎች አንድ ደቂቃ እንኳ ሜዳ ውስጥ አልገባም። ፊት መስመሩን ሳላህ፣ ማኔ፣ ጆታ፣ ዲያዝና ፊርሚኖ ሞልተውት ስለነበር የሚወቀስ አሠልጣኝ የለም፤ ነገር ግን ተጫዋች በልምምድ ብቻ አያድግም። በዚያው ክረምት ወደ ሞናኮ መሄዱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

በተቃራኒው ዋታሩ ኤንዶን ተመልከቱ። ሊቨርፑል በነሐሴ 2023 ከስቱትጋርት ሲያመጣው የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የ30 ዓመት ሰው ነበር፤ ዝውውሩም የተሳካው ክለቡ የፈለጋቸው አማካዮች ካይሴዶና ላቪያ ወደ ቼልሲ ከሄዱ በኋላ ነው። ብዙ ደጋፊ ቅር ተሰኝቶ ነበር። እርሱ ግን ከዚያ በፊት በቤልጅየምና በጀርመን ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ፣ ስቱትጋርትንም በአምበልነት መርቶ ስለነበር ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። በስድስት ወራት ውስጥ የሊግ ካፑን፣ በ2025 ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ።

ጥያቄ፦ ሲንት ትሩይደን የሚባለው የቤልጅየም ክለብ በጃፓኖች የተሞላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ባለቤቱ ጃፓናዊ ስለሆነ ነው። ሲንት ትሩይደን በፖምና በፒር እርሻዎች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ክለቧን በ2017 መጨረሻ ላይ ዲኤምኤም የተባለው የጃፓን የኢንተርኔት ኩባንያ ገዛው። ለእኔ ስለ ጃፓኖች ጉዞ ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው የዚህ ክለብ ሥራ ነው።

ዓላማቸው ቤልጅየምን እንደ መወጣጫ መጠቀም ነበር። በሆላንድ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተጫዋች የሚከፈለው ደመወዝ ከሊጉ አማካይ ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ መሆን ስላለበት፣ ለ18ና ለ19 ዓመት ልጆች በግማሽ ቢቀነስም፣ ትንሽ ክለብ ገና ያልተፈተነ ልጅ ለማምጣት ይፈራል። የቤልጅየም ወለል ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ሊጉም ልጆችን በጊዜ ያሰልፋል፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልማዮችም በባቡር ደርሰው ይመለሳሉ።

ውጤቱን በስም ልቁጠር። ታኬሂሮ ቶሚያሱ በጥር 2018 በ19 ዓመቱ መጣ፤ በ2019 ቦሎኛ፣ በ2021 አርሰናል ገባ። ኤንዶ በ2018 መጥቶ በዓመቱ ስቱትጋርት ደረሰ። ዳይቺ ካማዳ ደግሞ በፍራንክፈርት ቦታ ሲያጣ በውሰት ወደዚህ መጥቶ ግብ በግብ ላይ ሲያስቆጥር ከረመ፤ ሲመለስ በ2022 ከፍራንክፈርት ጋር የዩሮፓ ሊግ፣ በ2025 ከክሪስታል ፓላስ ጋር የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሣ። ግብ ጠባቂው ዚዮን ሱዙኪም በዚሁ በኩል አልፎ ፓርማ ገብቷል። ማንኛውም ወጣት ሊመርጠው የሚገባው ትልቅ ስም ያለውን ሳይሆን ዘወትር የሚሰለፍበትን ክለብ ነው የምለው እነዚህን አይቼ ነው።

ጥያቄ፦ ሚቶማ በዩኒቨርሲቲ ስለ አብዶ የመመረቂያ ጥናት ጽፏል የሚባለው ተረት ነው ወይስ እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው። ካኦሩ ሚቶማ በካዋሳኪ ፍሮንታሌ የወጣት ቡድን ያደገ ልጅ ሲሆን፣ ወደ ዋናው ቡድን እንዲያድግ ሲጠየቅ ገና አልበሰልሁም ብሎ የጹኩባ ዩኒቨርሲቲን መረጠ። ለጥናቱ በቡድን ጓደኞቹ ራስ ላይ ካሜራ አስሮ ዐይናቸው የት እንደሚያርፍ መረመረ፤ ያገኘውም ጎበዝ አብዶኛ ኳሷን ሳይሆን ተከላካዩን እንደሚመለከት ነው።

ጥናቱ በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በጥር 2023 በኤፍኤ ካፕ ለእንግሊዙ ብራይተን ተሰልፎ ሊቨርፑል ላይ ያገባትን ግብ ደግማችሁ እዩ። ሰዓቱ አልቆ ጭማሪው ውስጥ ነው። የቡድን ጓደኛው ኤስቱፒኛን ያሻገራትን ኳስ በእግሩ አየር ላይ ያበርዳታል፤ ሊመታ መስሎ እግሩን ሲያነሣ የሊቨርፑሉ ተከላካይ ጆ ጎሜዝ ተንሸራቶ ያልፈዋል፤ ሚቶማ ኳሷ መሬት ሳትነካ ጥቂት ነካ አድርጎ በቀኝ እግሩ ውጫዊ ጎን መረብ ውስጥ ይከታታል። ይህ ሁሉ የሆነው ተከላካዩ እስኪወስን ድረስ ስለጠበቀ ነው።

ወደ እንግሊዝ ያመራበት መንገድም ከላይ ያልሁትን ያጸናል። ብራይተን በ2021 ሲገዛው የሥራ ፈቃድ ስላላገኘ አንድ ዓመት በቤልጅየሙ ዩኒየን ሴንት ዢልዋስ በውሰት ቆየ።

ጥያቄ፦ ኩቦ ከባርሴሎና የወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፊፋ ባርሴሎናን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የውጭ አገር ልጆችን በማስመዝገቡ ስለቀጣው ነው። ታኬፉሳ ኩቦ በላ ማሲያ፣ በባርሴሎና የታዳጊዎች ማሠልጠኛ፣ ቢያድግም በእገዳው ምክንያት መጫወት ስላልቻለ በ2015 ወደ ጃፓን ተመለሰ። በ2019 ሪያል ማድሪድ ገዛው፤ በማዮርካ፣ በቪያሪያልና በሄታፌ በውሰት ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ በ2022 ሪያል ሶሲዳድ ገብቶ ቋሚ ቦታ አገኘ።

ጥያቄ፦ ስለ ሴቶቹ ማንም አይናገርም። እስቲ ጥቂት ቢሉን?

መልስ፦ ጥያቄውን በደስታ እቀበላለሁ፤ በዋንጫ ብዛት ከተቆጠረ ከወንዶቹ ማንም ሳኪ ኩማጋይን አይደርስባትም። በ2011 ጃፓን የሴቶች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ የመጨረሻዋን የመለያ ምት ያገባችው እርሷ ናት። ከዚያ በፈረንሳዩ ሊዮን ከ2016 እስከ 2020 በተከታታይ አምስት ጊዜ የሻምፒዮንስ ሊግ አሸናፊ ሆነች፤ በ2020ው ፍጻሜም ቮልፍስቡርግ ላይ ከሳጥኑ ውጭ መትታ አስቆጥራለች። ዛሬ ደግሞ በማንቸስተር ሲቲ አማካይ ዩኢ ሃሴጋዋን መመልከት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ስደት ለብሔራዊ ቡድኑ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

መልስ፦ በግልጽ ጠቅሟል። በ1998 ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ስትሳተፍ 22ቱም ተጫዋቾች በአገር ውስጥ የሚጫወቱ ነበሩ፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ2022 ከ26ቱ 19ኙ በአውሮፓ ክለቦች ነበሩ። ጀርመንን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ያገቡት ሁለቱ፣ የፍራይቡርጉ ሪትሱ ዶአንና የቦሁሙ ታኩማ አሳኖ፣ የሚገጥሟቸውን ተከላካዮች በየሳምንቱ ቡንደስሊጋ ላይ የሚያውቋቸው ናቸው። በጥቅምት 2025 ደግሞ በቶኪዮ ብራዚልን ከ2 ለ 0 ተነሥተው 3 ለ 2 አሸነፉ፤ በታሪካቸው የመጀመሪያው ነበር።

ጉዳትም አለው። ተጫዋቾቹ ለብሔራዊ ቡድን በተጠሩ ቁጥር ረጅም በረራ ያደክማቸዋል፤ የእስያ ዋንጫ በጥር ሲደረግም ክለቦቻቸውን በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ጥለው ይሄዳሉ። የአገር ውስጥ ክለቦች ደግሞ ሊጋቸው እስከ 2025 ድረስ ከየካቲት እስከ ታኅሣሥ ይካሄድ ስለነበር ምርጦቻቸውን በዓመቱ መካከል፣ ዋንጫ በሚፎካከሩበት ወቅት፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ ይነጠቁ ነበር። የጃፓን የፕሮፌሽናል ሊግ የሆነው ጄ ሊግ ከ2026/27 ጀምሮ የውድድር ዘመኑን እንደ አውሮፓ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ለማድረግ የወሰነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በረዶ የሚበዛባቸው የሰሜኑ ክለቦች የብርዱን ወራት እንዴት እንደሚወጡት ግን ብዙ አከራክሯል፤ ለዚህም ሲባል በታኅሣሥና በየካቲት መካከል ረጅም ዕረፍት ተቀምጦለታል።