የብሔረሰቦችና የሃይማኖት ተከታዮች የወሊድ መጠን እንዴት ይገመታል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድን ብሔረሰብ ወይም ሃይማኖት የወሊድ መጠን ለማወቅ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ ጠቅላላ የወሊድ መጠን የሚባለው አንዲት ሴት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜዋ ድረስ፣ አሁን በየዕድሜ ክልሉ በሚታየው ልክ ብትወልድ በአማካይ የሚኖሯት ልጆች ብዛት ነው። ልደቱና የሴቶቹ ቁጥር ከአንድ ምንጭ መምጣት አለባቸው፤ ልደቱን ከመዝገብ፣ ሴቶቹን ከቆጠራ የወሰድን እንደሆነ፣ በሁለቱ ቦታ ብሔሯን ለየቅል ያስመዘገበች ሴት ስሌቱን ታዛባዋለች። በየቤቱ እየዞረ ሴቶችን የሚጠይቀው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚመረጠው ብሔሯም፣ ሃይማኖቷም፣ የወለደቻቸውም ልጆች በአንድ መጠይቅ ስለሚመዘገቡ ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለሶማሌ 7.2፣ ለአማራ 3.7፣ ለአዲስ አበባ 1.8 ይላል። ይህን መውሰድ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ክልል ብሔረሰብ አይደለም። በ1.8 ውስጥ የብዙ ብሔረሰብ ሴቶች አሉ፤ የገጠር እህቶቻቸው ደግሞ በሌላ ክልል አኃዝ ውስጥ ተቆጥረዋል። ልዩነቱን ለሃይማኖት ከመስጠትም በፊት፣ በትምህርትና በመኖሪያ የሚመሳሰሉ ሴቶችን ማነጻጸር ይገባል።

ጥያቄ፦ እናቶች የሚሰጡት ቀን ይታመናል?

መልስ፦ እናት «ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው የወለድኩት» ትላለች፤ ዓመቱ ላይ ትቸገራለች። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ጠያቂው ነው። ልጁ ባለፉት አምስት ዓመታት የተወለደ ከሆነ ስለ እርግዝና ክትትሉና ስለ ጤናው ረዥም ጥያቄ ይከተላል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የደከመው ጠያቂ የአራት ዓመት ተኩሉን ልጅ አምስት ተኩል ብሎ ይገላገላል። ልጆቹን በየልደት ዓመታቸው ስንደረድር ከአምስት ዓመቱ ወሰን ወዲህ ጉድጓድ፣ ከወሰኑ ወዲያ ጉብታ የሚታየው በዚህ ነው። መጠኑ ከጥናቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ልደት ላይ መመሥረቱ ከዚህ ወሰን ስለሚያርቀው ጉዳቱን ያቀልለታል።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ብሔረሰቦችስ?

መልስ፦ የ2016ቱ ጥናት ያነጋገረው 15,683 ሴቶችን ነው። ይህ ከ80 በላይ ለሆኑ ብሔረሰቦች ሲከፋፈል ለአንዳንዱ የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያኔ ወደ ቆጠራ እንመለሳለን። በቆጠራ ያለፉት 12 ወራት ልደት ብዙ ጊዜ ጎድሎ ስለሚነገር፣ ወጣት ሴቶች እስካሁን ከወለዷቸው ልጆች ብዛት ጋር በማስተያየት ይታረማል። ችግሩ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 መሆኑ ነው፤ ከአኃዙ ጎን ዓመቱ ካልተጻፈ እኔ አልቀበለውም።