ከፈረሱ መጋጫ ምን ይነቀል?

ጥያቄ፦ ፈረሴ የሚግጠው ጓሮዬ ውስጥ ነው። አጥሩ ሥር ጉሎና አጤፋሪስ በቅሏል። ሣር እያለለት ይበላቸው ይሆን?

መልስ፦ አጤፋሪስ እርጥቡ ስለሚገማ ፈረስ ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ አደጋው ከሣር ጋር ታጭዶ ሲደርቅ ነው። በነጭ የጡሩምባ አበባውና እንቁላል በሚያህል እሾሃም ፍሬው ይለዩታል። የበላ ፈረስ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ አንጀቱ ሥራ ያቆምና ሆዱን ይቆርጠዋል።

ጉሎ ይብሳል። ደም የጠገበ መዥገር የሚመስለው ፍሬው ጥቂቱ ተቆርጥሞ ይገድላል፤ ምልክቱም ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ሊዘገይ ይችላል።

ሁለቱንም ፍሬ ከማፍራታቸው በፊት፣ ጓንት አድርገው ከነሥራቸው ይንቀሉ፤ እዚያው እንዲጠወልጉ አይተዉ። በልቶ ከሆነ ዘይትም ወተትም በጠርሙስ አይጋቱት፣ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቅጠሉን ይያዙና ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።